ቅሬው ከመድረሱ በፊት

የአስታማሚዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ መኝታ ቁስል ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤው በዝቷል። አብዛኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሐኪም «ወደ ቤት ውሰዱት» ካለ በኋላ ምን እናድርግ? ደሴና ዙሪያዋ 31 ዓመት በነርስነት ስሠራ ይህን ቃል ስሰማው ኖሬያለሁ፤ እኔም ራሴ ተናግሬዋለሁ። አብሮት የሚመጣው «ምንም የሚደረግ ነገር የለም» የሚለው ቃል ግን ስሕተት ነው። ያለቀው የማዳኑ ነገር ነው። ማስታመሙ ገና ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሙያ ይለመዳል። ዛሬ ስድስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ስምና ቀበሌ አስቀርቻለሁ።

*

«ሲስተር፣ የምኖረው ሐይቅ አካባቢ ነው። እናቴ የማኅፀን በር ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል ተብለን ተመለስን። ወንድሞቼ ‹ከነገርሻት የገደልሻት አንቺ ነሽ› ብለውኛል። ለእሷ ‹ቁስል ነው፣ ይድናል› ነው ያልናት። ማታ እነሱ ወጥተው ሁለታችን ስንቀር ‹ልጄ፣ ምን አሉሽ?› ትለኛለች። ዝም እላለሁ። ደግሞ ሽታ አለው፤ ዕጣን ስናጨስ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ለመስከረም 21 ግሸን ውሰዱኝ እያለች ነው። ምን ላድርግ?»

እኅቴ፣ ከሽታው ልጀምርልሽ፤ እሱ ዛሬውኑ መላ አለው። ሜትሮኒዳዞል በየፋርማሲው የሚታወቅ መድኃኒት ነው፤ ሽታውን የሚያመጡትን ተዋህስያን ይገድላል። በአፍ ይዋጣል፤ አንዳንዴም ተፈጭቶ እዚያው ቁስሉ ላይ ይደረጋል። መጠኑንና አደራረጉን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ታሳይሽ፤ በራስሽ አትጀምሪው። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሪላት፤ ጠቆር ያለ ጨርቅ ይሁን፤ ደም ነጭ ላይ ሲታይ ከፈሰሰው በላይ ያስደነግጣል። በድንገት ብዙ ከደማት ግን ቤት አትቆዩ። ከአልጋዋ ሥር ያልተያያዘ ከሰል በሰፊ ሳሕን አኑሪ፤ ሽታ ይመጥጣል። ያልተያያዘ ማለቴን ልብ በይ፤ ብርዱ ሲበረታ የተያያዘ ከሰል በተዘጋ ቤት አስገብቶ መተኛት ሰው ይገድላል። ዕጣኑን ለቡናው ሰዓት ብቻ አድርጉት። እናትሽ ፊቷን የምታዞረው ዕጣን ጠልታ አይደለም፤ ስለ እሷ እንደሚጨስ ስላወቀች ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ። እናትሽ የምትጠይቅሽ ወንድሞችሽ ሲወጡ ነው። አንድ ነገር ጠርጥራለች፤ የጠረጠረችውን አብሯት የሚሸከም ሰው እየፈለገች ነው፤ የመረጠችውም አንቺን ነው።

የራሴን ልንገርሽ። እናቴ በጉበት በሽታ ስትደክም እኛ ልጆቿ ተማክረን ደበቅናት። በመካከላችን ነርሷ እኔ ነበርኩ፤ ምክሩን ያጸናሁትም እኔ ነኝ። «ለፋሲካ ትነሻለሽ» እያልን ሸኘናት። ከአርባዋ በኋላ ሣጥኗን ስንከፍት፣ ከሁሉ በታች፣ በአሮጌ ሻሽ የተቋጠረ የብር ድሪና ሁለት አልቦ አገኘን። የእሷ አይደለም፤ የሰው አደራ ነው። እናቴ ጋ ንብረቱን የማያኖር ጎረቤት አልነበረም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፤ አረብ አገር ሲሄድ፣ መንገድ ሲወጣ፣ ቤቱ ነገር ሲገባበት። የማን እንደሆነ የሚነግረን ጠፋ። ሁለት ዓመት ፈለግን። በመጨረሻ ባቲ፣ በሰኞ ገበያ፣ አንዲት የአደራው ባለቤት ዘመድ ድሪውን በተሰካበት ክር አወቀችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የእናቴ ስም ባልበላችው አደራ ሲነሣ ቆየ። ብንነግራት ኖሮ «የእገሊት ነው፣ መልሱላት» ብላ በአንድ ቃል ትጨርሰው ነበር። ዛሬም ያንን ሻሽ ሳይ ሆዴ ይላወሳል።

ወንድሞችሽ ክፉ አይደሉም። የሚፈሩት ተስፋዋን መቁረጥ ነው፤ ፍርሃታቸውም ከፍቅር ነው። ነገር ግን እኛ እኮ ክፉ ወሬ የመንገር ሥርዓት ያለን ሰዎች ነን። መርዶ ሰው ለብቻው ሳለ አይነገርም። ማታ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተጠራርቶ ማለዳ ይመጣል፤ የሚናገረውም ቃል የሚመርጥ ሽማግሌ ነው፤ የሚደግፍ ክንድ በግራም በቀኝም ይቆማል። ለሐዘንተኛ የምናደርገውን ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ታማሚዋ ራሷ በሕይወት ሳለች ለምን እንነፍጋታለን?

ስለዚህ ሳትነግሪያት በፊት ጠይቂያት። ነገ ማታ «ምን አሉሽ?» ስትል፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጪና «እማዬ፣ አንቺ ምን ይመስልሻል?» በያት። ከዚያ ዝም በይ፤ ዝምታው ቢረዝምም አትቸኩዪ። ቀጥለሽ «ሐኪሞቹ ያሉትን ሁሉ መስማት ትፈልጊያለሽ፣ ወይስ እኛ እንወቀው?» በያት። «እናንተ እወቁት፣ እኔ ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» ካለችሽ መልሷ ይኸው ነው፤ አታስገድጃት፤ ማን ስለ እሷ ይወስን እንደምትል ብቻ ጠይቂ። «ንገሪኝ» ካለችሽ ግን ጥቂት፣ እውነት የሆነ ነገር ተናገሪ፦ «በሽታው ከባድ ነው፤ ሐኪሞቹ ማጥፋት አንችልም ብለዋል፤ ሕመምሽን ግን እናስታግሳለን፤ እኔም ካጠገብሽ አልለይም።» የወራትና የሳምንታት ቁጥር ካልጠየቀች አታንሺ።

ከዚህ በፊት ግን ታላቅ ወንድምሽን ለብቻው አግኚው። ሁሉንም ሰብስበሽ አትጀምሪ፤ ሲሰበሰቡ ጀግና መሆን አለባቸው። በየማታው ምን እንደምትጠይቅሽ ንገሪው፤ አልሰማም ይሆናል። የንስሐ አባቷም ይጠሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ተረቱ የተተረተው ለታማሚው ነበር፣ ዛሬ የምንደብቀው እኛ ቤተሰቦቹ ሆንን እንጂ።

ግሸን። ለሚደማ ሰው የመኪናው መንገጫገጭ፣ ቀጥሎም የአምባው አቀበት፣ ከባድ ነው። «አትችይም» ብለሽ ግን አትዝጊባት። ግሸን ምን ልትይ ነው የምትሄጂው ብለሽ ጠይቂያት፤ ምናልባት ስለት አለባት፤ ምናልባት አንድ ሰው ይቅር እንዲላት ትፈልጋለች። ስለቱን አንዳችሁ ታደርሱላታላችሁ፤ ጠበሉና እምነቱ እቤቷ ይመጣላታል። ማስታገሻውን ለጠበል ብላችሁ እንዳታቋርጡ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለሕመም ማስታገሻ ደግሞ ይበልጡን ይሠራል።

*

«ከወልዲያ ነው። አማቴ ከሳምንት ወዲህ ምግብ እምቢ ብላለች። ባለቤቴ አፏን ፈልቅቆ አጥሚት ይሰጣታል፤ ትን ይላታል። ክሊኒክ ወስደን ግሉኮስ እናስተክልላት እያለ ነው። ሐኪሞቹ ልቧና ኩላሊቷ አልቋል ብለዋል።»

ባልሽ እናቱ በረኃብ ስትሞት ማየት አልቻለም፤ አንጀቱ ነው እምቢ ያለው። ቀስ ብለሽ አስረጂው። የሚሞት ሰው ሳይበላ ቀርቶ አይሞትም፤ እየሞተ ስለሆነ ነው መብላት የሚተወው። ሰውነት ምግብ የሚፈጭበት ኀይል ሲያልቅበት ፍላጎቱን ራሱ ይዘጋል። በግድ የገባው አጥሚት ወደ ሳንባ ይሄድና የከፋ ሥቃይ ያመጣል። ግሉኮሱም እንዲሁ፤ ልብና ኩላሊት ሲደክሙ ውኃው መውጫ ስለሌለው እግር ያሳብጣል፣ ደረት ላይ ይቋጠራል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጊደር ሸጠው ግሉኮስ ያስተከሉ ጎረቤቶች ነበሩኝ፤ እናትየዋ ሁለት ቀን በማታውቀው ክፍል ቆይታ እዚያው አረፈች። ያ ጊደር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ከጊደሩ ይልቅ ደግሞ ሁለቱ ቀን።

ለባልሽ ሥራ ስጪው። በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ለብ ያለ ውኃ አርሶ ከንፈሯን፣ ድዷን፣ ምላሷን በየሰዓቱ ያርጥብላት፤ ከንፈሯን ቫዝሊን ይቀባላት። ነቅታ ስትጠይቅ፣ ቀና አድርጎ ደግፎ፣ የጠየቀችውን በሻይ ማንኪያ። ሁለት ማንኪያ አብሽ ጠጥታ ፊቷን ካዞረች ጠግባለች። እናቱን ማጉረስ የለመደ እጅ ባዶውን መቀመጥ አይችልም።

*

«ባቲ ነው ያለሁት። አባቴ የፕሮስቴት ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሲያቃስቱ ያድራሉ። ሐኪሙ የሚጠጣ ሞርፊን አዘዘ። አጎቴ ‹ይሄ ሐሺሽ ነው፣ ሐራም ነው› አለ። እናቴ ‹ሞርፊን ለሚሞት ሰው ነው የሚሰጠው› ትላለች። አባቴ ራሳቸው ‹አእምሮዬን ሳልስት ሸሃዳዬን ብዬ መሄድ ነው የምሻው› ይላሉ። ጠርሙሱ ሳይከፈት ሳምንት ሆነው።»

ወንድሜ፣ ከሁላችሁም ነገሩን ያስተካከሉት አባትህ ናቸው። እንግዲያው አእምሯቸውን የሚወስድባቸው የቱ ነው? ሌሊቱን ሲያቃስቱ ያደሩ ሰው ሱብሒን በምን ልባቸው ይሰግዳሉ? ሕመም ራሱ ሰው ያስታል። በልኩ የተሰጠ ሞርፊን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፤ የዚያ ግማሹ ለሳምንታት ያጡት እንቅልፍ ነው። ከዚያ አብዛኛው ሰው ይነቃል። በሦስተኛው ቀን ትራስ ተደግፈው ቡናቸውን ይዘው «በሬው ተሸጠ?» ብለው የጠየቁ ሰው አስታምሜአለሁ፤ ከወር በፊት አንድ ቃል የማይወጣቸው ሰው ነበሩ።

ለስካር መውሰድና በሐኪም ትእዛዝ ለሥቃይ መውሰድ በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ አንድ አይደለም፤ የግድ የሆነ ነገር የተከለከለውን ይፈቅዳል የሚለውን መርሕ አጎትህም ያውቀዋል። ከእኔ ከክርስቲያኗ አፍ ግን አይስማው። የመስጊዳችሁን ሼህ ቤት ጥሯቸው፣ ጠርሙሱን አሳዩዋቸው፣ አባትህም የሌሊቱን ሥቃይ በራሳቸው አፍ ይንገሯቸው። የታመመ ሰው ተቀምጦም ተጋድሞም እንደሚሰግድ ሲነግሯቸውም አባትህ እፎይ ይላሉ።

የእናትህ ፍርሃት የመጣው እኛ የጤና ሰዎች ሞርፊንን ዘግይተን ስለምንጀምረው ነው። ሰው በመጨረሻው ቀን ሲሰጠው አይታ፣ በማግሥቱ ሲሞት አይታ፣ መድኃኒቱ ገደለው አለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መመሪያ ሲያወጣ መርሑ በአፍ፣ በሰዓቱ፣ በደረጃ የሚል ነበር። «በሰዓቱ» የሚለውን ያዝልኝ። ፈሳሹ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ነው፤ ሕመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም። በማንኪያ አትለካው፤ በተሰጠህ መለኪያ ብቻ። መጠኑን የሚጨምርም የሚቀንስም ሐኪሙ ነው። ሆድ ያደርቃል፤ ይሄኛው እንደ እንቅልፉ በሁለት ቀን አይለቅም፤ ስለዚህ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ። ተልባና ፓፓያ ይረዳሉ፣ ብቻቸውን ግን አይበቁም። ያቅለሸልሻቸው ይሆናል፣ እሱም መድኃኒት አለው። በድንገት አታቋርጡት። ቀስቅሰሃቸው የማይነቁ ከሆነ ወይም ትንፋሻቸው በጣም ከዘገየ ቀጣዩን ሳትሰጥ ወዲያው ለሐኪም ንገር። ጠርሙሱ ይቆለፍበት፤ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። ሱሱን በተመለከተ ደግሞ ለካንሰር ሕመም በልኩ የሚወስድ ሰው ሱሰኛ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው።

አንድ የማስጠነቅቅህ አለ። ካንሰሩ አከርካሪያቸው ላይ ካለ፣ እግራቸው በድንገት ቢከዳቸው ወይም ሽንታቸው ቢቆም፣ ነገ አትበል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ነርቩ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓት ካለፈ እግሩ አይመለስም።

ሞርፊኑ ተስተካክሎም ሌሊቱ ካልቀለላቸው ሌላ ነገር ጠይቃቸው። ሲስሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች፤ መጀመሪያ ነርስ፣ ኋላ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም። በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለሚሞቱ ሰዎች ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ፣ ማለት የማስታመሚያ ቤት፣ ከፈተች። ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የልብ፣ የቤተሰብ፣ የነፍስም ሕመም አብሮ ተቋጥሮ ይመጣል አለች። ይህን ሳነብ የታወሱኝ አንድ የአልብኮ ገበሬ ናቸው። ከወንድማቸው ጋር በድንበር ተኳርፈው ኖረዋል። አበጋሮች፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ገብተው አስታረቋቸው። የአጥንት ሕመማቸው አልጠፋም፣ መድኃኒቱም አልቀነሰም፤ ነገር ግን ሌሊት «ሰው ጥሩልኝ» ማለታቸውን ተዉ።

*

«ደሴ ተወልጄ አሁን የምኖረው ቴክሳስ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መርዳት ነው። የማግዛቸው እናት ሜክሲኳዊት ናቸው። ሐኪሞቹ ሆስፒስ ሲሉ ልጆቻቸው ‹እናታችንን አንጥልም› ብለው አለቀሱ። በኋላ ለላቲኖ፣ ማለት ከላቲን አሜሪካ ለመጡ፣ ቤተሰቦች በቋንቋቸው ስለ ሆስፒስ ትምህርት ተሰጠ፤ እኔም አብሬ ተቀመጥኩ፤ እንደ እኛ ቤት ነው የሆነብኝ። አባቴ ደሴ በሳንባ ካንሰር ተኝቷል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒቱ) አይጠቅመውም ብለዋል፤ ወንድሞቼ ግን እንደገና አዲስ አበባ ሊወስዱት ነው። ‹ቤት ይረፍ› ስል ‹ብር እየላክሽ ከሩቅ ልትገድዪው ነው› አሉኝ።»

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያ ቤተሰብ ያለቀሰበትን ምክንያት አንባቢዎቼም ይወቁት። በስፓኒሽ «ኦስፒሲዮ» ማለት ከጥንት የወላጅ አልባ ልጆችና የደሃ መጠለያ ነው። ሐኪሙ ሆስፒስ ሲል የሚሰሙት «እናታችሁን ከደሃ ቤት ጣሉ» የሚል ነው። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቦታ አይደለም። ሐኪም ዕድሜው 6 ወር ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል ብሎ ላረጋገጠለት ሰው ነርስ፣ አጋዥና የሃይማኖት አባት እቤቱ የሚመጡበት አገልግሎት ነው፤ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን መድንም ይከፍላል። አንድ ቃል በትክክል ባለመገለጡ ስንት ሰው በሥቃይ ሄዷል። እኛም ጋ «ወደ ቤት ውሰዱት» ማለት «ተስፋ ቆርጠንበታል» ተብሎ ነው የሚሰማው።

ሌላም የሚመስል አለ። እዚያ እንግሊዝኛ የሚችለው ትንሽ ልጅ ለወላጁ ያስተረጉማል፤ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ግን መሐል መንገድ ላይ ይውጠዋል። ከከሚሴ በኩል ኦሮምኛ ተናጋሪ እናት ይዞ ደሴ የመጣ ልጅም ይህንኑ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ሐኪሙ አምስት ደቂቃ ይናገራል፣ ልጁ «ደኅና ነሽ አለ» ይላል። ልጁን አልወቅሰውም። የእናቱን መርዶ ለእናቱ እንዲያስተረጉም መጠየቅ ግን ግፍ ነው፤ ሌላ አስተርጓሚ ይፈለግ።

ላቲኖ ሲባል አንድ ሕዝብ አይደለም፤ ኩባዊውም፣ ሜክሲኳዊውም፣ ፖርቶ ሪኳዊውም የየራሱ ቤት አለው። ብዙዎቹን የሚያመሳስላቸው ውሳኔው የአንድ ሰው ሳይሆን የቤተሰብ መሆኑ ነው። በደንብ የተሠራው ትምህርትም ይህን አልተጋፋውም፤ ቤተሰቡን ሁሉ አስቀምጦ ነው ያስተማረው። አስተማሪዎቹም ብዙ ጊዜ «ፕሮሞቶራ» የሚባሉ ሠልጥነው የተመለሱ የሰፈር ሴቶች ናቸው፤ የጓዳሉፔ ማርያም ሥዕል ከተሰቀለበት ክፍል ገብተው አብረው የሚጸልዩ።

እኛም ይህ የሚያቅተን አይደለም። በየዓመቱ በዓለም ላይ 56.8 ሚሊዮን ሰው እንዲህ ያለ እንክብካቤ ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው ግን ከመቶው 14 ያህሉ ብቻ ነው ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። አዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶችን ወደ ሕመምተኛው ቤት ይልካል፤ ለወሎ ገጠር ግን የሚቀርበው ቅሬው፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ ነው። ቅሬው ሰው በሞተ ሰዓት ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ይደርሳል፦ መቃብር ይቆፍራል፣ እንጨት ይሸከማል፣ እህል ውኃ ያቀርባል። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ወራት ግን አስታማሚዋ ብቻዋን ናት፤ እንቅልፍ የላትም፣ ወገቧ ተቆርጧል። ቅሬው በየሳምንቱ አንድ ሌሊት የሚያድርላት ሰው ቢመድብላት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም በቅሬው ስብሰባ ላይ ሰው እንዴት እንደሚገላበጥ፣ አፍ እንዴት እንደሚረጥብ ብታሳይ፣ ትምህርቱ ይኸው ነበር። ለሦስት የቅሬ ዳኞች አንሥቼላቸው ሁለቱ «እናስብበት» ብለውኛል፤ አንደኛው ጋ ተራው ተጀምሯል።

ወደ አንቺ ልመለስ። ወንድሞችሽ ጋር በስልክ አትከራከሪ። ለአባትሽ ደውዪ፤ ለራሱ። «አባዬ፣ የት መሆን ትፈልጋለህ? በጣም የምትፈራው ምንድን ነው?» በዪው። መልሱን ወንድሞችሽ እየሰሙ ይናገር። አዲስ አበባ ልሂድ ካለ ይሂድ፤ ሰውነቱ የእሱ ነው። ቤቴ ካለ ግን ለኬሞ ልትልኪው የነበረውን ብር አጠገቡ ላለችው አስታማሚ አድርጊው፤ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ፣ ሌሊት የምታድር ሴት ደመወዝ፣ ልብስ የምታጥብ ሴት። «ከሩቅ ልትገድዪው ነው» ያሉሽ ወንድሞችሽ፣ አስታማሚዋ አንድ ሌሊት ስትተኛ ሲያዩ ቃላቸው ይለዝባል።

*

«ወረኢሉ ነኝ፣ 78 ዓመቴ ነው። ልጆቼን ሰብስቤ በቃሌ ብናዘዝ ይጸናል?»

አባባ፣ በቃል ብቻ አይተዉት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክር ፊት ይደረጋል፤ የሚያገለግለው ግን ለቀብር ሥርዓት፣ ለትናንሽ ልጆች ሞግዚት ለመሰየምና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ከሦስት ወር በኋላም በሕይወት ካሉ ይፈርሳል። ለቤትና ለመሬት ነገር ያስጽፉት፤ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብልዎ፣ ቀኑ ይጻፍበት፣ እርስዎም ምስክሮቹም እዚያው ፈርሙበት፤ ጣት መርገጥም ይቻላል። በሸሪዓ የሚዳኙ ከሆነ ቃዲውን አስቀድመው ያማክሩ። ልጆችዎን መሰብሰቡን ግን አይተዉት፤ መመረቂያ ነው።

*

«ሲስተር እንደምን አሉ? 17 ዓመቴ ነው፣ ኩታበር። እናቴ ጅዳ ናት፤ ያሳደገችኝ አያቴ ናት። ግማሽ ጎኗ ከደነዘዘ ስምንት ወር ሆነ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ምግብ ትታለች፣ ብዙውን ትተኛለች። የጤና ኤክስቴንሽኗ አይታት ‹እንግዲህ ዱዓ አድርጉ› ብላኝ ሄደች። ማታ ብቻችንን ነን። ሞት አይቼ አላውቅም። ሲመጣ በምን አውቀዋለሁ? ‹በደንብ አላስታመመችም› ቢሉኝስ?»

ለዚህች ልጅ መጽሔቱ እስኪወጣ አልጠበቅኩም፤ ደብዳቤዋ በደረሰኝ ቀን ደውዬላታለሁ። እዚህ የማወጣው እንደ እሷ ብቻቸውን ለሚያድሩ ነው። ያልኳት ይህን ነው።

አብሽሪ የኔ ልጅ። ስምንት ወር ተኝታ የመኝታ ቁስል እንደሌላት ነገርሽኝ። በየሁለት ሰዓቱ ሳትገላብጪያት ይህ አይሆንም። በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ሦስት ነርስ እያለን፣ ያቃተን ጊዜ ነበር። ማንም ምንም ቢልሽ ይህን መልሺለት።

የሚመጣውን ልንገርሽ፤ ሳታውቂው ከሚያስደነግጥሽ። እንቅልፏ ይረዝማል። ሽንቷ ያንሳል፣ ይጠቁራል። እጅና እግሯ ይቀዘቅዛል፣ ቆዳዋ ወይንማ ዥጉርጉር ይሆናል፤ ጋቢ ደርቢላት እንጂ የከሰል ምድጃ አታቅርቢ። ትንፋሿ ይለዋወጣል፤ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ይቆማል፣ እስከ ግማሽ ደቂቃ፣ ደግሞ ይመለሳል። ጉሮሮዋ ያንኮራፋ ይሆናል። ታንቃለች ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ መዋጥ ያቃታት ምራቅ ነው፤ ለአንቺ እንጂ ለእሷ አያስጨንቃትም። በጎኗ አስተኛት፣ ራሷን ቀና አድርጊ። አፏ ውስጥ ውኃ አታፍስሺ፤ ከንፈሯን ብቻ አርጥቢ። ብታቃስት፣ ግንባሯን ብትቋጥር፣ ለኤክስቴንሽኗ ደውለሽ ማስታገሻ ጠይቂ፤ «ዱዓ አድርጉ» ማለት መድኃኒት ይቅር ማለት አይደለም።

ወደ ቂብላ አዙሪያት፣ ካላመማት። ያሲን የሚቀራላት ሰው ካለ ቀን ይምጣ። ሸሃዳውን ጆሮዋ ላይ ቀስ ብለሽ በዪላት እንጂ «በዪ፣ በዪ» እያልሽ አታስጨንቂያት፤ አንዴ ካለችው በቂ ነው። ሊሞት የተቃረበ ሰው መልስ ባይሰጥም ጆሮው ይሰማ ይሆናል፤ ስለዚህ አጠገቧ ስለ ከፈንና ስለ ቀብር አታውሩ። እናትሽ ከጅዳ በድምፅ መልእክት ትላክልሽ፤ «ሐላል በዪኝ» ትበላት፣ ያሳደገችልኝን ልጅ አደራ ትበላት፣ የፈለገችውን። ስልኩን ትራሷ ላይ አድርጊና አሰሚያት። ደጋግመሽ አሰሚያት።

ትንፋሹ ቆሞ ሳይመለስ ሲቀር ታውቂዋለሽ። ያኔ የሚያስሮጥ ነገር የለም። ዐይኗን በመዳፍሽ ክደኚላት፣ አገጯን በንጹሕ ሻሽ ደግፈሽ እሰሪላት። መታጠቡንና መገነዙን የሚያውቁት ሴቶች ይመጣሉ፤ እሱ የአንቺ ሥራ አይደለም። ትንሽ አጠገቧ ተቀመጪ፣ እጇን ያዢ፣ ከፈለግሽ አልቅሺ። ከዚያ የጎረቤትሽን በር አንኳኪ። ሌሊት ነው ብለሽ እስኪነጋ ብቻሽን እንዳትቀመጪ። የማንን በር እንደምታንኳኪ ግን ዛሬ፣ ፀሐይ ሳለ፣ ሄደሽ ንገሪያት፤ ስልኳንም ሳታጠፋ ትተኛ።